በአፍ የተጠና ሊኑክስ

አቻምየለሽ ክፉውን አስቀድማ የምታይ ሴት ናት። ሰማይ ሲደምን በረዶ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ፣ ልጅ ሲያስል የሳንባ በሽታ ይታያታል። ጎረቤቶቿ «አቻም ያላለቀሰችበት ሠርግ የለም» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን አትቆጣም። «የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ቀድሜ ከፈራሁት ምናልባት አፍሮ ያልፈኛል» ትላለች።

ያልፈራችው ነገር ስለሌለ፣ ልጇ ያምሮት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ በሁለተኛ ዓመቷ በግጭቱ ምክንያት ተቋርጦ ፍኖተ ሰላም ስትመለስም አልደነገጠችም። ልጅቷ በሕይወት ደረሰች፤ ይበቃል። ግን አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዋ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የእናቷ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስትመዝን ዋለች። ሳቋ አነሰ። ከዚያም ንግግሯ አነሰ። አቻምየለሽን ያስፈራት ይሄ ነው፤ ልጅ ቤት ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲያልቅ ማየት።

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራቸው። ስልክ ጠጋኙ አብዱልሀኪም ነው የሸጠላቸው።

«ይሄ ዊንዶውስ መሸከም አይችልም፣ ያረጀ በሬ ነው» ብሎ ነበር ያኔ። «ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሥርዓት ጭኜበታለሁ። ሊኑክስ ለሽማግሌ ይራራል።»

ያምሮት ከዩኒቨርሲቲ ይዛው በመጣችው የፎቶኮፒ መጽሐፍ ሊኑክስን ማጥናት ጀመረች። ማሽኑን ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ሳይሆን ትእዛዝ በፊደል እየጻፉ ነው የሚያዙት። አቻምየለሽ መጽሐፉን ተቀብላ አገላበጠች፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለችና እንግሊዝኛው ብዙም አልከበዳትም። «ይህ ትእዛዝ ሁሉንም ይደመስሳል»፣ «ይህ ትእዛዝ አይመለስም» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች ስታይ ቀይ እስክሪብቶ አንሥታ እነዚያን ሁሉ አሰመረችባቸው።

«የተሰመረባቸውን እንዳትነኪ። ይህ ከተበላሸ ሌላ ከየት ይመጣል?»

«እማ፣ ሳልነካው እንዴት ልማረው?»

«በቃልሽ አጥኚዋ! አባቴ ስንቱን ያስተማረው በምንድን ነው?»

አባቷ መርጌታ ወልደ ገብርኤል በጅጋ አጠገብ ተማሪ ሰብስበው ሲያስተምሩ ኖረው ነው ያረፉት። ተማሪው ቆሞ በቃሉ ይወጣዋል፣ መርጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ አንዲት ፊደል ከተዘለለች ያርማሉ። አቻምየለሽ ለእውቀት ሌላ ልክ አታውቅም። ስለዚህ ገበያ በማይኖርበት ከሰዓት መጽሐፉን ይዛ ትቀመጣለች፣ ያምሮት ዱቄት እየነፋች ትመልሳለች።

«ፋይል መውሰጃ?»

«ኤም ቪ።»

«የትእዛዝ መመሪያ ማሳያ?»

«ማን፤ ኤም ኤ ኤን።»

«የሊኑክስ መጫኛውን ቅጂ ፍላሽ ላይ መጻፊያ?»

ይህ ረጅሙ ነው፤ ቀይም የተሰመረበት ነው። ያምሮት አንድ ትንፋሽ ትስብና፣ ዲ ዲ ብላ ጀምራ፣ ከየት እንደሚነበብ ተናግራ፣ ወዴት እንደሚጻፍም የፍላሹን ስም «ኤስ ዲ ቢ» ብላ ትጨርሳለች። አቻምየለሽ በጣቷ እየተከተለች፣ «አንድ ፊደል አልሳትሽም» ትላታለች። በዚያች ደቂቃ ብቻ ፍርሃቷ ትንሽ ይቀልላታል።

አብዱልሀኪም አንድ ቀን በርበሬ ሊገዛ መጥቶ ይህን ሰማ፤ ሳቁ አመለጠው።

«እትየ አቻም፣ ማሽን እኮ ዳዊት አይደለም። እኔም ቁርኣኑን በቃሌ አጥንቻለሁ። ስልክ መጠገን የቻልኩት ግን የሰው ስልክ እያቃጠልኩ ነው።»

«የማንን አቃጠልክ?»

«የኑዕማንን። ወንድሜ ስለሆነ አልከሰሰኝም።» ከዚያ ወደ ያምሮት ዞረ። «ስንት ጊዜ አበላሽተሽ ስንት ጊዜ አዳንሽው? ደረጃሽ እሱ ነው። ካልደፈረሰ አይጠራም።»

«አፍህን ያዝ» አለች አቻምየለሽ። «ደፍርሶ የቀረ ስንት አለ።»

የሥራውን ወሬ ያመጣው ግን ይኸው አብዱልሀኪም ነበር። ቡሬ ያለ አንድ የእህል ማከማቻ ድርጅት ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ማሽኖቹ ሁሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ማመልከቻው ላይ «የሊኑክስ ችሎታዎ» የሚል አለ፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ።

«ጀማሪ በይ» አለች እናት። «ዝቅ ያለ አይወድቅም።»

«ጀማሪ ካልኩ አይጠሩኝም። ሁለት መቶ አሥር ትእዛዝ በቃሌ አውቃለሁ እማ፤ አንቺው ቆጥረሻል። ይህ መካከለኛ ካልሆነ ምን ይሆናል?»

አቻምየለሽ ልጅቷ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ቀና ብላ ስትናገር አይታት አታውቅም። መካከለኛ የሚለው ላይ ምልክት ተደረገ፤ ለፈተናም ተጠራች።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። አቻምየለሽ «ብቻዋን አልልካትም» ብላ ሱቋን ዘግታ ነው የተከተለችው። እስከ ቡሬ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ አላየችም። ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ያምሮትና አንድ ሌላ ወጣት ወደ ፈተናው ክፍል ገቡ። አቻምየለሽ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከጥበቃው ከአያ እጅጉ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጅዎ ናት?» አሉ አያ እጅጉ።

«አዎ፣ አያ። ትወድቃለች መሰለኝ።»

«ገና እኮ መግባቷ ነው!»

«እንግዲህ እኔ አመሌ ነው።»

«ባለቤቴም እንደርስዎ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ነገ ትሞታለህ ትለኛለች። ይኸው አለሁ። አንድ ቀን ልክ መሆኗ አይቀርም እንጂ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ ዘጠኝ ሰዓት እንዳያልፋችሁ። ከዚያ በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም።»

ወጣቱ አምስት ሰዓት ላይ ጨርሶ ሄደ። ያምሮት አልወጣችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ህይወት በር ከፍታ ብቅ አለች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ቀጭን፣ ሳትቸኩል የምትናገር ሴት።

«እናቷ እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ እያለቀሰች ነው።»

አቻምየለሽ ተከትላት ገባች። ያምሮት ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ህይወት ነገሩን በቀላል ቃል አስረዳቻት። ፈተናው የመጫኛውን ቅጂ ፍላሽ ላይ መጻፍ ነበር። ያምሮት ትእዛዙን አንድ ፊደል ሳትስት ጻፈችው። ግን ኤስ ዲ ቢ የተባለው ስም ቋሚ አይደለም፤ በየማሽኑ ይለያያል። እቤታቸው ባለው አሮጌ ላፕቶፕ በዚያ ስም የሚጠራው ፍላሹ ነው። እዚህ ማሽን ላይ ግን ሥርዓቱ ራሱ ያለበት ዲስክ ነበር። እሱ ላይ ጻፈችበትና የነበረው ሁሉ ጠፋ።

«ለፈተና የተዘጋጀ ማሽን ነው፣ ሰው አልሞተም» አለች ህይወት። «የገረመኝ ሌላ ነው። ትእዛዙን ከመምታቷ በፊት የዲስኮቹን ስም አላየችም። ለምን መመሪያውን አልከፈትሽም አልኳት፤ ኢንተርኔት የለም አለችኝ።»

«እውነቷን ነው፣ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ» አለች አቻምየለሽ።

«መመሪያው እኮ ማሽኑ ውስጥ ነው፣ እትዬ። ማን ብለው የትእዛዙን ስም ከጻፉ ሁሉም ይነበባል። ኢንተርኔት አይፈልግም።»

አቻምየለሽ ልጇን አየቻት። ያምሮት ቀና አላለችም። ማን የሚለውን በየሳምንቱ ጠይቃታለች፤ ልጅቷም በየሳምንቱ መልሳለች። አንዳቸውም ከፍተው አላዩትም። መቼ ይታይ? ላፕቶፑን እንዳይበላሽ በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ቀዩን መስመር ያሰመረችው እሷ ናት። ከላይ የሚመጣውን ክፉ ሁሉ ስትጠብቅ፣ ክፉው በገዛ እጇ በኩል ገብቶ ኖሯል።

«ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ» አለች። «መኪናው ሳይሄድ።»

«አልሄድም።»

«ያምሬ!»

«አልሄድም አልኩ እማ! ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ወደ ህይወት ዞረች። «መልሼ ልጫነው?»

ህይወት ሰዓቷን አየች። «ጭነሽ ታውቂያለሽ?»

«በአፌ።»

«በአፍሽ!» ህይወት ለመሳቅ ቃጣትና ተወችው። «ያኛው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው፣ ቅጥሩን እንዳትጠብቂ እነግርሻለሁ። ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ። ፍላሹ ይኸው። መመሪያውን ከጎንሽ ካለው ማሽን አንብቢ። እኔ አልናገርም።»

አቻምየለሽ ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ስምንት ሰዓት ላይ በበሩ መስታወት አየች፤ ያምሮት ጭና ጨርሳ ማሽኑን አስነሣችው፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሥርዓቱን የሚያስጀምረውን ማስነሻ በተሳሳተው ዲስክ ላይ አስቀምጣው ኖሯል። ያምሮት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስምንት ተኩል ሆነ። አቻምየለሽ ተነሥታ በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሣች። በመስታወቱ ልጅቷ ወረቀት ላይ ስትጽፍ ታየቻት፤ የእያንዳንዱን ዲስክ ስም፣ ከስሙ አጠገብ መጠኑን። ከዚያ ከጎኗ ካለው ስክሪን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፣ ትቆማለች፣ ተመልሳ ታያለች። በቃል እንደምትወጣው አይደለም። ዝግ ያለ፣ የሚጠራጠር፣ ሰው በጨለማ ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚሄደው ነው።

የአቻምየለሽ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ዘጠኝ ሊሆን ነው» አሉ አያ እጅጉ ከኋላዋ። «መኪናው ጥሩንባውን እያሰማ ነው።»

ይሰማታል። ቡሬ የሚያሳድር ዘመድ የላቸውም። ነገ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል፤ ነገ ብቻ ሳይሆን ወር ሙሉ። ሱቁ ይዘረፍ ይሆናል። ያልታያት ክፉ አልነበረም። ሁሉም እያንዳንዱ በየተራው መጣባት። እጇን አወረደችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሄደ?» አለች ቆይታ።

«ሄደ።»

ከአሥራ አንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ማሽኑ ተነሣ። ጩኸት የለም፣ እልልታ የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ስም የሚጠይቅ ነጭ ጽሑፍ መጣ፣ ያ ብቻ ነው። ህይወት ጎንበስ ብላ አየችው፣ አንድ ሁለት ነገር ጽፋ ፈተነችው።

«ይሠራል» አለች። «ሥራውን የምሰጠው ግን ለልጁ ነው። እሱ ያየው ሳይመታ ነው፤ አንቺ መትተሽ ነው ያየሽው። እዚህ የአሥራ አምስት ሺህ ገበሬ መዝገብ አለ፣ ያምሮት። እንዲያ የሚደፍር ሰው ጋ ላስቀምጠው አልችልም።»

ያምሮት ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም።

«ማመልከቻሽ ላይ መካከለኛ ያልሽው ውሸት ነበር» አለች ህይወት ማሽኑን እያጠፋች። «አሁን ጀማሪ ነሽ። እንደነገሩ ሳይሆን የእውነት ጀማሪ።»

አያ እጅጉ ተረኛው ሲመጣ ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው ሄዱ። «ባለቤቴ ሌላ የምትፈራለት ሰው ስታገኝ እኔን ታሳርፈኛለች» እያሉ ከፊት ይመራሉ። ጭቃው ያንሸራትታል። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ከኋላ ይከተላሉ።

«ከነዚያ ሁለት መቶ አሥር ትእዛዞች ውስጥ» አለች አቻምየለሽ፣ «በአፍሽ ብቻ የምታውቂው ስንት ነው?»

«ብዙ ነው እማ። ከግማሽ በላይ።»

ላፕቶፑ አንድ ነው። ቢሞት የሚተካ የለም፣ ልጅቷም ከዚያ በኋላ ምንም የምትይዘው የለም። አቻምየለሽ ይህን ሁሉ አሰበችው፤ እንደ ወትሮዋ እስከ መጨረሻው አሰበችው።

«አበላሺው እንግዲህ» አለች። ድምፅዋ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅ ወጣ።

ያምሮት የእናቷን ክንድ አጥብቃ ያዘችና ጭቃውን ዘለሉት።