የጠዋቱ ቁጥር

ባለቤቴ የኔሰው በቢቸናና በሞጣ መካከል ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። ሳንባው ደክሞ ሥራውን ሲያቆም መኪናውን አልሸጠውም። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ አስገባበት፤ ጣሪያው ላይ ካለው ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ጋር የፀሐይ ሰሌዳ አሰረ፤ ከአልጋው ሥር ትልቅ ባትሪ አስቀመጠ። ጎረቤቶቻችን "የኔሰው በስተርጅና ጎጆ ወጣ" እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ያሰበው ነገር ነበረው።

ሞጣ ከመድረሱ በፊት ከዋናው መንገድ የምትገነጠል የጭቃ መንገድ አለች፤ መጨረሻዋ ጠበል ነው። የኔሰው በየዓመቱ ለፍልሰታ ሱባኤ የሚገቡትን ሰዎች መገንጠያው ላይ ያወርዳል፣ ዘንቢላቸውን ያቀብላል፣ ለእኔም ጸልዩ ይልና መንገዱን ይቀጥላል። "ሠላሳ ዓመት ሰው ሳወርድ ኖርኩ" አለኝ። "አንድ ጊዜ እኔም ልውረድ።" የፈለገው አሥራ አምስቱንም ቀን፣ አንድም ሳያጎድል ነበር።

ሲተኛ የኦክስጅን መሣሪያው እንዳይለየው ሐኪሙ አዝዞታል። መሣሪያው እንደ እጅ ቦርሳ የሚንጠለጠል ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ያለ መብራት አይሠራም፣ ጠበሉ ዘንድ ደግሞ መብራት የለም። ያለን ባትሪው ብቻ ነው። የባትሪውን ጉልበት የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ጎን ለጥፎ ነበርና ማንበብ አስተማረኝ። ሙሉ ሲሆን አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ይላል። አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ካለ ግማሹ ሄዷል። ከአሥራ ሁለት በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ይጎዳል፤ ለሚቀጥለው ሌሊትም አይታመንም።

"ጠዋት ከአሥራ ሁለት በታች ካየሽ፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት" አለኝ። ተስማማን። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም አላሰብንም። ሰሌዳውን የሞከርነው በሚያዝያ ፀሐይ ነው፤ የምንሄደው በነሐሴ ነው።

ከደረስን ጀምሮ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ በላያችን ተቀመጠ። የኔሰው ሕግ አወጣ። በሶአችንን ሳይመሽ በጥብጠን እንጠጣለን፤ አምፖል አይበራም፤ ሬዲዮ የለም፤ የራሳችን ስልክ ጠፍቶ ይቀመጣል። ሞተር አስነስቶ ባትሪውን መሙላት ይቻል ነበር፤ ግን ነዳጁ ለመመለሻ ብቻ ነው የሚበቃ፤ ሞጣ ወጥተን እንዳንቀዳ ደግሞ ጭቃው አንዴ ካስወጣን ተመልሶ አያስገባንም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሆኖ ስንት ይላል ይለኛል፤ አንብቤ እነግረዋለሁ። ከዚያ በትሩን ይዞ፣ እያረፈ፣ ወደ ጠበሉ ይወርዳል። ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

በሦስተኛው ቀን እሱ እንደወረደ አምሳለች የምትባል የደብረ ወርቅ ሴት መጣች። ከእኛ አጠገብ ላስቲክ ወጥራ ነበር የምትተኛው። "እትዬ አገሬ፣ ልጄ ትደውልልኛለች፣ ስልኬ ሞተ። ትንሽ ነፍስ እስኪዘራ ብቻ" አለችኝ። ሰካሁላት። በማግስቱ የራሷንና የሦስት ሰው ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥራ አራት አሥራ አምስት ስልክ ይመጣ ጀመር። ጠበል ቦታ ተቀምጦ ሰውን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። የኔሰው ሳይመለስ ነቅዬ እሰጣቸዋለሁ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ጠዋት ሳየው ቁጥሩ ደህና ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት። በማግስቱም አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት። እንግዲያው ስልክ ምንም አይበላም ማለት ነው ብዬ ልቤ አረፈ።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ቀትር ላይ መሣሪያውን ስወለውል ጀርባው ላይ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ ታየኝ። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዘግባል። ከቤት ስንወጣ የነበረውን አስታውሰዋለሁ። በአሥር ሌሊት ሰማንያ ሰዓት መጨመር ነበረበት፤ የጨመረው አርባ አንድ ነው። ደግሜ አየሁት። እጄ ላይ ጨርቁን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ሲመለስ ስልኮቹን አልነቀልኩም። በሩ ላይ ቆሞ የተጠላለፈውን ሽቦ አየ፤ እኔ ደግሞ መቁጠሪያውን አሳየሁት። ትንፋሹ እስኪመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ሰሌዳው ቀን ያስገባውን አንድ ነገር እየበላው ማታ ሲተኛ ጎድሎ ያገኘው ነበር። ባትሪው ያረጀ መስሎት አምቶታል። ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ወርዶ እንዳንመለስ እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ መሣሪያውን ያጠፋል፤ ሊነጋጋ ሲል ያበራዋል።

"የበላው እኔ ነኝ" አልኩት።

"ሱባኤ መጥተን ሱቅ ከፈትሽ" ብሎ ሳቀ። ሳል እስኪያጣድፈው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ሰው ላለማሳዘን፣ እሱ ላለመመለስ፣ በአንድ ባትሪ ላይ ስንደባበቅ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ አታለለን።

አምሳለችን ጠርቼ ስልኮቹን መለስኩና ምክንያቱን ነገርኳት። "ጋሽ የኔሰው የሚተነፍሱበት ነው? እኛ ለመብራት መስሎን" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ስልክ ይዞ የመጣ የለም። መሣሪያውንም ከእኔ ትራስ አጠገብ አደረግሁት፤ ሌሊቱን ሁሉ ሠራ።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሌሊት አደርን። ጉሙ አልተነሳም። ነሐሴ አሥራ ሦስት ጠዋት መስኮቷን አየሁ። አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ትላለች።

ሱባኤው ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የኔሰው ከወትሮው ደህና አድሯል፤ ፊቱ ቀላ ብሏል። ከአልጋው ሆኖ "ስንት ይላል?" አለኝ።

"አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።"

ቀና ብሎ ፊቴን አየ። "ጥሩ ነው" አለና በትሩን ፈለገ።

ያን ቀን ጸሎት ያልኩት ነገር ሁሉ ስለ ደመና ነበር። መሣሪያው ሌሊት ቢቆም ምን እንደማደርግ ሳስብ ዋልኩ፤ ሌሊቱን ግን ሳይቆም አደረ። ነሐሴ አሥራ አራት ከቀትር በኋላ ጉሙ ተቀደደ። ሰሌዳውን በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት፤ ፀሐይ ግማሽ ቀን ሰጠችን። የኔሰው አሥራ አምስቱንም ቀን ጨረሰ። በአሥራ ስድስት፣ በበዓሉ፣ ራሱ እየነዳ ወጣን፤ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ቆም አለና ሦስት አሮጊቶች አሳፈረ።

ጥቅምት ላይ ባትሪውን ፈትቶ ለካው። ግቢ ውስጥ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

"ይሄ አንድ ቀን ከልኩ በታች ወርዷል" አለ። "ስንት ነበር?"

"አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ።"

"እኔስ ያን ጠዋት ነጥብ ስምንት መስሎኝ ነበር።"

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብለው፣ አንቺ ስትዋሺ አይቼ ስለማላውቅ ልየው ብዬ ነው አለኝ።

ኅዳር ላይ አረፈ፤ በቤቱ፣ በአልጋው። አጥፍቶ ያደረባቸው ሌሊቶች ዕድሜውን አሳጥረውት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። አይታወቅም አለኝ። እኔም አላውቅም። አንዳንድ ቀን ያን የመጀመሪያ ስልክ ባልሰካሁት እላለሁ።

መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ልጃችን ዳምጤ አዲስ ባትሪ ልግዛልሽ ይለኛል፤ ተወው እለዋለሁ። ጠዋት ገብቼ መስኮቷን አያለሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ትላለች፤ ባትሪው ከዚያ በላይ መሙላት ትቷል፤ የሚጠቀምበት ስለሌለም አይወርድም። መብራት በጠፋ ማታ የጎረቤት ስልክ እሰካበታለሁ፤ ሦስት አራት ይችላል። በማግስቱ ትንሽ ወርዶ ሳገኘው ሰው ያደረበት ይመስለኛል።