ከነቅመሙ የተመለሰው ኑድል

የክሬን ኦፕሬተሯ ወንበር ከመሬት አሥራ ሁለት ፎቅ ያህል ከፍ ይላል። መጸዳጃ ቤቱ ያለው ግን ታች ነው። ሆዷ በተቆጣ ቁጥር በመሰላሉ ወርዳ እስክትመለስ ሥራው ይቆማል፤ ሠራተኛው ሁሉ አንጋጦ ይጠብቃታል። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። የራሱ ሆድ ግን ድንጋይ ይፈጫል፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ የሌላውን ሕመም ሰበብ ነው የሚለው።

«ሐሙስ የፎቁን ወለል፣ ሶሌታውን፣ በአርማታ እንሞላለን» አላት። «አንዴ ብትወርጂ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ያንን ወንበር ያገኘችው ስድስት ዓመት ብረት ስታስር ቆይታ ነው።

ሐኪሟ አንጀቷ በቀላሉ የሚቆጣ መሆኑን ነግራት፣ ሎው ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አዝዛላታለች። ለስድስት ሳምንት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ የለም፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚጣላት ማየት ነው። እሷም ትእዛዙን አጠበቀች። ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚባል ነገር ጠፋ፤ ምስኪን ባሏም ያለ ጥፋቱ አብሯት ተቀጣ። ምሳ ግን ሥራ ቦታ በነፃ የሚታደለውን ፈጣን የኑድል ሾርባ ትበላ ነበር። አንዲት ክታፊ ሽንኩርት አላየችበትማ! ኑድሉም ዳቦ አይመስልም።

ጉዱን ያወጣው ባሏ ነው። ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው እሁድ፣ ከሥራ ይዛው የገባችውን የኑድል ኩባያ አገላብጦ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበላት፦ የስንዴ ዱቄት። የቅመሙን ከረጢት ገለበጠው፦ የሽንኩርት ዱቄት፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት።

«እኔን እዚህ እየቀጣሽ፣ አንቺ እዚያ ሰማይ ላይ ሆነሽ ስትጎርሺው ኖረሻል!»

መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች። ጠላቷን በገዛ ማንኪያዋ ስታጎርሰው ከርማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሩዝ ኑድል ሾርባ በካሮት፣ በዝንጅብልና በእንቁላል እየሠራች፣ ከሽንኩርት ቅጠል አመጋገቡ የሚፈቅደውን አረንጓዴውን ብቻ ጣል እያደረገች፣ በፔርሙስ ይዛ መውጣት ጀመረች።

ሐሙስ አርማታው ከማለዳ ጀምሮ በክሬኑ ትልቅ ባልዲ እየተሞላ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ፎርማኑ በገመድ አንድ ኩባያ ኑድል ከነቅመሙ ላከላትና በሬዲዮ ጠራት።

«ሁሉም የሚበላውን ብዪ! በፔርሙስ መሞላቀቅ ምንድን ነው?»

«አለቃ፣ ለሌላው ይስማማው ይሆናል። ለእኔ አይስማማኝም።»

«ሾርባ ነው እኮ፣ መርዝ አይደለም!»

«ሆዱ የኔ ነው። ምን እንደሚገባበት የምወስነውም እኔ ነኝ።»

ሬዲዮው የሁሉም ነውና ሶሌታው ላይ ያለው ሁሉ ሰማ፤ አንዱማ አፏጨ። ኩባያውን እንደመጣ፣ ክዳኑን እንኳ ሳትነካ፣ በዚያው ገመድ መለሰችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሆዷ ጮኸ። አለቀልኝ፣ ወንበሩ ሄደ አለች። ጥቂት ጠበቀች፤ ቁርጠት የለም፣ ምንም የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ለካ ርሃብ ኖሯል! በክርክሩ ተናዳ ፔርሙሷን ሳትከፍት ቀርታለች። በሁለት ባልዲ መካከል ጥቂት ጠጣችና ሥራዋን ቀጠለች።

አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ባልዲ ተደፋ። መሰላሉን አንዴም አልረገጠችውም። ፎርማኑ ሬዲዮው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቃ፣ አልቋል። አሁን መውረድ ትችያለሽ።»

«ሾርባዬን ልጨርስ» አለችው። «ስፈልግ እወርዳለሁ።»