ከመስታወቱ ኋላ ያለው መኝታ ቤት

መጋረጃውን እኮ ታውቀዋለች፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ በሲጋራ የተበሳ፣ ዓይኗን ጨፍናም አትስተውም፣ ግን እዚህ ምን ይሠራል፣ በትልቁ ሱቅ መስታወት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እንደ ጉድ እየተጋፋ፣ እማማ ትንሽ ዞር በይ እንይበት ይላል ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ፣ ዝም በል አንተ፣ ዞር አትልም ራዲዮ። ራዲዮ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፣ ያለ ባትሪ የምታወራ ይሏታል፣ ይበሉ፣ እነሱ ምላስ የላቸውም እንዴ።

ሲኒማ ቤት የገባው የሙት መንፈስ ፊልም ሕዝቡን ስላሳበደው ነው ነገሩ፣ የሱቁ አለቃ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹን የምታለብሰውን፣ ከራዲዮ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትኖረውን፣ ያቺን ድምጿ የማይሰማውን ልጅ፣ መስታወቱን እንደ ፊልሙ አስፈሪ አድርጊልኝ፣ ደም እንዳትቆጥቢ አላት፣ እሷም በጋዜጣ ሸፍና ሳምንት ሙሉ ሠራች፣ ዛሬ ጠዋት ጋዜጣው ተነሳ። የሰይጣን ቤት ነው ይላል ሰዉ። የምን ሰይጣን። የልጅቷ የራሷ መኝታ ቤት ነው። ያው ቁም ሳጥን፣ ያው በቡጢ የተበሳ በር፣ ሴቷ አሻንጉሊት ወለሉ ላይ፣ ክንዷ ከትከሻዋ ተነቅሎ አልጋው ሥር፣ ዓይኗ ዙሪያ ሐምራዊ፣ ጠርዙ ላይ ብጫ፣ ፊልሙ ላይ ይሄ ብጫ አለ እንዴ፣ በሳምንቱ የሚመጣውን ብጫ ያልተመታ ሰው አያውቀውም። ወንዱ ፊት የለውም። ቀበቶ ግን አለው፣ እጁ ላይ ሁለት ዙር፣ ዘለበቱ ወደ ውጭ።

ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ ብረቱ። ስምንት ዓመት፣ ከግድግዳው ወዲያ።

ከደረጃ ወደቅሁ እትዬ፣ ትላት ነበር ልጅቷ፣ የምን ደረጃ፣ ቤታቸው ምድር ላይ ነው፣ ጠይቃታለች? አልጠየቀችም፣ የሰው ትዳር ነው፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ። ሦስተኛዋ አሻንጉሊት ደግሞ ማናት፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ጠና ያለች፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ በአንድ እጇ ሪሞት ይዛ፣ ሰዉ በሳቅ ይሞታል፣ ይቺ ደሞ የሰይጣን ጎረቤት ናት፣ ብርቱካናማ ሻሽ አስራለች። ሻሹ። ለሥራ ነው እትዬ፣ አውሺኝ፣ ብላ የወሰደችው የራዲዮ ሻሽ። አይ አንቺ ልጅ። አይ አንቺ።

ባልየው፣ ወይኔ፣ ጠዋት በራሷ አፍ ነግራዋለች፣ አንተ ሹፌር፣ የሚስትህ ሥራ አገር ጉድ አሰኘ አሉ፣ ሄደህ እየው እንጂ፣ ሳታይ፣ ሳታጣራ፣ ወሬ ለመቅደም፣ እሱም ለምሳ ስወጣ ብሏታል፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ስድስት ተኩል፣ ልጅቷ እዚያው ውስጥ በካልሲ ተንበርክካ የወንዱን አሻንጉሊት ቀበቶ ታስተካክላለች፣ ውጪ ልጄ ውጪ፣ ራዲዮ መስታወቱን በመዳፏ ትመታለች፣ ወፍራም ነው፣ አያሰማም፣ ልጅቷ ቀና ብላ ታያታለች።

ይኸው መጣ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከልጅቷ ኋላ ትንሿን በር በርግዶ፣ ቀበቶውን ከወገቡ እየመዘዘ፣ ሁለት ዙር፣ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይይዛል፣ ግንባሯን ከመስታወቱ ያላጋዋል፣ ደሙ ይረጫል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እንዴት ያለ ትወና ነው ይላል ጎረምሳው፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ትወና አይደለም አንተ ደደብ፣ ባሏ ነው፣ እየገደላት ነው፣ ጎረምሳው ይስቃል፣ እማማም አክተር ናት ይላል።

ዘለበቱ ይወርዳል። ከዚህ ድምፁ አይሰማም። ባለ ሻሿ አሻንጉሊት ግን ጆሮዋን እንደለጠፈች ናት፣ ሪሞቷን እንደያዘች፣ አንቺ ውሸታም አሮጊት፣ አንቺ ግድግዳ፣ የሱቁን በር ከፍቶ የያዘው ድንጋይ ከባድ ነው፣ በሁለት እጇ፣ እማማ አበድሽ እንዴ፣ አዎ አበድኩ፣ ከልጅቷ ራቅ አድርጋ፣ ጥግ ላይ ብርቱካናማውን ሻሽ አነጣጥራ ትወረውረዋለች፣ መስታወቱ ጯ ብሎ ይወርዳል፣ አሮጊቷ አሻንጉሊት በአፍጢሟ ትደፋለች።

ጧ፣ ከዚያ ብረቱ፣ ከዚያ ጩኸቷ፣ ያለ ግድግዳ። የሚያጨበጭብ የለም። ጎረምሳው ስልኩን አውርዷል። ራዲዮ በስባሪው ላይ እየረገጠች ትገባለች፣ ቀበቶውን በባዶ እጇ ትይዛለች፣ ዘለበቱ መዳፏን ይቀደዋል፣ አትለቅም፣ ሰምቼሻለሁ ልጄ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቼሻለሁ።