ከአፎልተርን እስከ ጄኔቫ የሚሰማው ሬዲዮ

በዙሪክ አፎልተርን ሰፈር፣ በእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ውስጥ ታላቁን የሬዲዮ ፋብሪካ የመሠረትኩት እኔ ተሻገር ነኝ። እርሻው ከባቡር ሐዲዱ ጎን ያለችው የጎመንና የጌሾ መደባችን ናት፤ ፋብሪካው ደግሞ የአካፋ ማስቀመጫው ጎጆ። ቅናተኞች ሁለት ሰው ቆሞ አይገባበትም ይላሉ። እኛ ተቀምጠን ነበር የምንሠራው።

ሬዲዮዎቹን በጥንቱ አሠራር፣ የመዳብ ሽቦ በእጃችን እየጠመጠምን፣ በፖም ሣጥን ሠራናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደተዘራ፣ ውሃ የማጠጣት ተራው የማን እንደሆነ ለአባላት እናሰራጫለን። ቤቪሊጉንጉ፣ የማሰራጫ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ለሰፈሩ ብቻ ነበር። እኔ ግን ሰማዩ ከጠራ ድምፃችን ጄኔቫን አልፎ ማርሴይ ይገባል እል ነበር። ሊቀመንበራችን ጋሽ ካሣዬ አመኑኝ።

ታናሽ እህታቸው ጸሐይነሽ ጄኔቫ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ቢከፈት ግን ማዳም ግድ የላትም። ጋሽ ካሣዬ ሽቦውን ራሳቸው ጠምጥመው አንዱን ላኩላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየደወሉ ሰማሽኝ ወይ ሲሏት፣ አጠገቤ እንዳለህ ነው የሰማሁህ፣ ጋሼ ትላቸዋለች።

ከዚያ የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ ድምፃቸውን የሚያሳጣ ቀዶ ሕክምና ቀጠሩላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቅዳሜ የቀሩት አባላት ጎረቤት ከተማ ዲቤንዶርፍ፣ ጉባኤ ላይ ስለነበሩ ሬዲዮ የሚከፍት አልነበረም። ጋሽ ካሣዬ ማይክሮፎኑን ተቀብለውኝ ውጣ አሉኝ። በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። በስልክ፣ ለጸሐይነሽ ብቻ ሊሉት ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩትን ተናገሩ። ማታ ደወሉላት።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቼሃለሁ፣ ጋሼ።»

ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ሙሉ ዙሪክን አበራ ብል አላጋነንኩም። ከሆስፒታል ያለ ድምፅ ወጡ። ቅጠል ሲረግፍ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ጸሐይነሽ ሬዲዮዋን በፌስታል ይዛ ጎጆው ድረስ መጣችና ፊቴ አስቀመጠችው። ከጩኸት በቀር አንድም ቀን ምንም ሰምታበት እንደማታውቅ ነገረችኝ። በገዛ እጁ ጠምጥሞ የላከውን፣ አይሠራም ብላ እንዴት ታሳፍረው? ተራሮቹ ቀንተውብን ይሆናል አልኳት። አልሳቀችም።

«ያን ቅዳሜ ምን አለ?» አለችኝ። «አንተን አውቅሃለሁ፣ ተሻገር። ሳትጨምር ንገረኝ።»

እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

«‹ጸሐይዬ፣ ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሰው ቤት ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ። ጎመኑ ደርሷል› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

ባቡር አለፈ፤ ጎጆው ተንቀጠቀጠ። እሷ የወንድሟን ጥምጥም ሽቦ በጣቷ ትዳብሳለች።

«እንግዲያው ትንሽ ጨምርበት» አለችኝ።

እኔ፣ የአካፋ ጎጆን ፋብሪካ ያልኩት ሰው፣ አፌን ከፈትኩ። ማርሴይን፣ ደመናውን፣ ሁሉንም ፈለግሁ። ምንም አልመጣልኝም።

«ጎመኑ እውነትም ደርሶ ነበር» አልኳት።