በሥዕሉ ውስጥ ያለው ድስት

ምላሷ ሚዛን ነው የሚባልላት አክስት ሳምንቱን ሙሉ በአንድም ምግብ ላይ እንከን አለማግኘቷ የእህቷን ልጅ ከነከናት።

አክስቲቱ ምግብ ቤት አላት። ተጋብዛ በሄደችበት ቤት እንኳ «ሽንኩርቱ ቸኩሏል» ሳትል የማትመለስ ሴት ናት። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች ሰሞን ግን ምግብ ቤቷን ዘግታ «ነይ፣ አገር እንይ» አለቻት፤ በደረሱበት ሁሉ የቀረበላትን እየበላች «ጥሩ ነው» ትላለች። በጉዟቸው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ደግሞ ሻንጣ እየዘጋች፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «ምግብ ቤቱን የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ። ነገ ስንመለስ ቁልፉን እሰጠዋለሁ» አለች።

ልጅቷ ፎጣ እያጠፈች ነበር። ያደገችው በዚያ ምግብ ቤት ጓዳ፣ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጣ እያጠናች ነው። «ለምን?» ማለት ፈለገች። ግን የእሷ ጥያቄ ከሆዷ ተነስቶ አፏ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲደርስ አክስቷ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«ሹክሹክቴ፣ አውቶቡሱ ማታ ነው። ቀኑን ሥዕል እያየንና እየበላን እንጨርሰው።»

ቅጽል ስሙን ያወጣችላት ራሷ አክስቷ ናት፤ ድምጿ ከሹክሹክታ አያልፍምና።

የሥዕል አዳራሹ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ አሮጌ ቤት ነበር። አክስት የፊተኞቹን ክፍሎች በዓይኗ ገረፍ እያደረገች አለፈች። አንድ የፈረስ ሥዕል ፊት «ይሄ ደግሞ አንካሳ ነው እንዴ?» አለች። ከኋለኛው ክፍል ስትደርስ ግን ተተከለች። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ቢጫ እጅጌ ያላት ሴት የድስት ክዳን በጨርቅ ይዛ ከፈት ስታደርግ። ድስቱ ውስጥ ያለው አይታይም።

«ምን ይመስልሻል ያለው?»

«እንጃ። አይታይም እኮ።»

«ስለማይታይ አይደል የምጠይቅሽ? እንፋሎቱን እይ፣ ስስ ነው፤ ሥጋ አይደለም። አሳ ነው። ሎሚው ይኸው ሳይቆረጥ ተቀምጧል፤ እሳቱ ሲጠፋ ነው የምትጨምረው፣ ብልህ ናት። ሽታው እኮ እዚህ ድረስ...» እጇ አፍንጫዋ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«እናቴ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» አለ ጥበቃው።

«አልቀምስብህም፣ ልጄ፣ አትፍራ።»

ጥበቃው ሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሰሞኑን የጠፋችባትን አክስቷን እዚህ አገኘቻት። የተሳለ ምግብ እንዲህ ያናገራትን ሴት፣ የሚበላው ምግብ ለምን ዝም ያሰኛታል?

ለምሳ አጠገቡ ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ገቡ። «ካየነው አይቀር» ብላ አክስት ለሁለቱም የአሳ ሾርባ አዘዘች። ልጅቷ ጨው ልትነሰንስ ዕቃውን ስትገለብጠው ክዳኑ ወለቀና ጨው ሁሉ ሳህኗ ውስጥ ተዘረገፈ። አክስቷ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ስለነበር አላየችም። አስተናጋጁን መጥራት ልጅቷን አሳፈራት፤ ክዳኑን በቀስታ መለሰች፣ ሾርባውን አማሰለች፣ እጅ ልታጠብ ነው ብላ ተነሳች።

ስትመለስ አክስቷ የራሷን ጨርሳ የእሷን ሳህን ጀምራለች።

«ቀዘቀዘብሽ ብዬ ነው። አንቺ እንደሆንሽ እንደ ወፍ ነው የምትበዪው።»

«አክስቴ... ጨው አልበዛበትም?»

«ኧረ ልክ ነው። ጥሩ ነው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የጨው ዕቃው ተገልብጦበታል።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ አስተናጋጁን አትጠሪም?»

«አፈርኩ።»

«በጨው ይታፈራል?»

«አንቺስ በምን አፍረሽ ነው?» ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ጮኸባት፤ የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞሩ።

አክስት ማንኪያውን አስቀመጠች። «ያ ባለፈው አልጋ ላይ የጣለኝ ጉንፋን ነው» አለች። «ሲሄድ ሽታውንም ጣዕሙንም ይዞት ሄደ። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ነው የሚለኝ። ከዚያ ወዲህ የማበስለው በእጄ ልማድ ነው። ከመምጣታችን በፊት አንዱ ደንበኛ ‹ጨው ረሳሽ እንዴ?› አለኝ። ስቄ አለፍኩት፤ በማግስቱ ግን የሚከራየኝ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። አዲስ ምግብ ምናልባት ቢቀሰቅሰው ብዬ ነው ይሄን ጉዞ ያሰብኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ይኸው የመጨረሻው ቀን ደረሰ፣ ምንም የለም።»

ልጅቷ እጇን አነሳችና አስተናጋጁን ጠራች፤ ሌላ ሾርባ አዘዘች። ሲመጣ ቀመሰች።

«ልንገርሽ?»

«ምኑን?»

«ውስጡ ያለውን። እ... ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነውማ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስለው ሰነበትኩ!»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ደገመች።

«ጣዕሙ እንደዚያች የሥዕል ሴትዮ እጅጌ ነው። ቢጫ። አሳው ካለፈ በኋላ ነው ሎሚው የሚመጣው።»

«የት ጋ ነው የሚይዝሽ?»

«ምላሴ ጠርዝ ላይ።»

«ከእሳት ካወረዱት በኋላ ነው የጨመሩት፤ ጎሽ።» አክስት ወንበሯን ሳበች። «ሽንኩርቱስ?»

«ሽንኩርቱ... ጥሬ ጥሬ ይላል።»

«ቸኩለዋል!» አክስት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እኔም ገና ሳየው ጠርጥሬ ነበር፤ ምነው ነጣ ብዬ!»

ሳምንቱን ሙሉ ያገኘችው የመጀመሪያ እንከን ነበር። እሷም ሳይታወቃት አልቀረም። ከዚያ በመስኮቱ እያየች፣ ነገሩን ሌላ ሰው የወሰነው ይመስል፣ «ቁልፉን ለዚያ ሰውዬ ሰጥቼው አንቺ የት ልትቀምሺልኝ ነው?» አለች።

ልጅቷ ማንኪያውን ሞላች።

«ቀጥዪ» አለች አክስት። «ደሞ ጮክ ብለሽ። ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ አይሠራም።»