የተደራረቡ ፊቶች

ቀጣዩን ፎቶ ለማምጣት የኮምፒውተሩን ቀስት ስትጫን ስክሪኑ ብልጭ አለና ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመለሰ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ደርሳ ነበር።

«ይቅርታ እማማ፣ እንደገና ልጀምር ነው» አለች የአስከሬን ክፍሉ መዝጋቢ፣ በግራ እጇ የያዘችውን ካርቶን ወደ ስክሪኑ እያስጠጋች።

ካርቶኑ የሬሳውን ፊት የምትሸፍንበት የራሷ ዘዴ ነበር። ፕሮግራሙ ፎቶ በከፈተ ቁጥር ፊቱን አጉልቶ ያመጣል፤ ልብሱን ብቻ አሳየኝ ቢሉት አይሰማም። ወንዱን ከሴቱ፣ ወጣቱን ከሽማግሌው አይለይም። በመሠራት ላይ የነበረው ሕንፃ ከተደረመሰ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት የራሱን ሰው ፍለጋ የመጣ ሁሉ የሌላውን ሁሉ ሬሳ እያየ ነው የሄደው።

ሴትዮዋ ሲመጡ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ልጃቸው አምስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ይለስን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መዝጋቢዋ «እዚህ የለም» ብላ መልሳቸዋለች።

«ካርቶኑን አንሺው ልጄ» አሉ። «ከእንግዲህ ምን ያስፈራኛል?»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ፎቶ ቀጠለች። አርባ አንደኛው ፎቶ ላይ «ተወስዷል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ወንድሞቹ በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው ወስደውታል። እንደ ልማዷ ልታልፈው ስትል ማውሱ ከእጇ ሸተት አለና ፎቶው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የአምስት ቁጥር ተጫነው። ፎቶው እንደ መጫወቻ ካርታ ተዘረጋ። አምስት ሆነ።

ሦስቱ ያ ወንድሞቹ የወሰዱት ሰው ናቸው። ሁለቱ ግን ሌላ ሰው። የሁለቱም ሰዎች ፊት ሲሚንቶ ለብሷል፣ የሁለቱም ጸጉር አመድ መስሏል። ፕሮግራሙ አንድ ሰው መስለውት ደራርቦ አስቀምጧቸዋል። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ደረት ላይ ያረፈ እጅ ይታያል፤ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ተጣማለች።

ሴትዮዋ አልጮኹም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ያቺን የተጣመመች ጣት በስክሪኑ ላይ ዳሰሷት።

«ሰባት ዓመቱ ነበር። ከአጥር ላይ ወድቆ ነው። ወጌሻው አጣሞ አሰረበት።» ከዚያ ቀና አሉ። «የት ነው ያስቀመጣችሁት? ልየው።»

መዝጋቢዋ የአስከሬኑን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። አሥራ አምስት ቀን ጠያቂ ካጡት ጋር ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል።

«አንዴ ልምጣ እማማ።»

የቢሮው ኃላፊ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ነበር። የሆነውን ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ግድግዳው ስስ ነው።»

«የድሮው ፕሮግራም ይሻለናል ብዬ ስንቴ ነገርኩዎት? ቢያንስ ያስገባነው ሁሉ ይታይ ነበር።»

«ሌሎቹ ቢሮዎች ሁሉ ገዙት፣ እኛም ገዛን። ምን ላድርግ?»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።»

«ተረቱ ይቆየን!» አለ፣ ግን አልተቆጣም፤ ድምፁ ደክሟል። «ስሚኝ። ፎቶው ዛሬ ነው የደረሰን በያቸውና ቅጹን እንደዚያው ሙዪው። ልጁ እንደሆነ አንዴ አፈር ገብቷል። ደግሞ ነገ ጠያቂ ሲመጣ ፕሮግራሙን አይጠይቅም፤ ማውሱን የያዘውን ነው የሚጠይቀው። ልጆች አሉሽ።»

ያቺን የፎቶው ጥግ ላይ ያለች ቁጥር አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ስታያት ከርማለች። ምንድን ናት ብላ አንድ ቀን እንኳ አልተጫነቻትም። ደግሞ ቁጥር ያለው ፎቶ አርባ አንደኛው ብቻ አይደለም።

ስትመለስ ሴትዮዋ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ባለፈው ስመጣ እዚሁ ነበር?»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ነበር እማማ። መጀመሪያ የመጡ ቀንም ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል።»

ኮሪደሩ ላይ አልጋ እየተገፋ አለፈ።

«ከትናንት ወዲያ እኮ ሥራ አልነበረኝም» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ። «እቤት ነበርኩ። እንዲሁ ቁጭ ብዬ።»

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አነሳችና «ፎቶው ቢሮው የደረሰበት ቀን» በሚለው ቦታ ላይ ሕንፃው የተደረመሰበትን ቀን ማግስት ጻፈች። ከሥሩ ስሟን ጽፋ ፈረመች። የመቃብሩን ቁጥር በወረቀት ገልብጣ ለሴትዮዋ ሰጠች፤ ክንዳቸውን ይዛም እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው።

ተመልሳ በሩን አልዘጋችም። «የለም» ተብለው የሄዱትን ሰዎች ስልክ የያዘውን ደብተር ሳበች፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ መደወል ጀመረች።