ከሌላ በስተቀር

ዳልጮ ደላላ ነበር፤ ድረ ገጽ ከከፈተ በኋላ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሥራው አልተለወጠም። ድሮ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ቤት የሚፈልግ እያለ ይጣራ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ግን የሚከራዩት ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ተደርድረው ሰው ራሱ ይፈልጋቸዋል። ቤቶቹ ሲበዙ ታዲያ ፈላጊው ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ይውልና ሰልችቶት መልሶ ለዳልጮ ይደውላል።

ስለዚህ ድረ ገጹን የሠራችለትን አቢጋኤልን መፈለጊያና ማጣሪያ ጨምሪበት አላት። ጨመረች። ሲቀላ ወይስ ሴቻ፣ ውሃ ግቢ ውስጥ አለ ወይስ የለም፣ ሽንት ቤቱ የግል ነው ወይስ የጋራ፤ ሳጥኗን ነካ ማድረግ ነው፣ የማይሆነው ቤት ከፊት ይጠፋል። ዳልጮ «ወንፊቱ» ብሎ ሰየመው። አቢጋኤልም ደስ ብሏታል፤ ታናሽ ወንድሟ ኦይታ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጥሮ ከጨንቻ ሊወርድ ነውና ቤት ያስፈልገዋል። በስልክህ ገብተህ ተመዝገብ አለችው።

አከራዮቹ ግን ቅር አላቸው። ተከራይ ቤት ካማረጠ እኛስ ተከራይ ለምን አናማርጥም አሉ። ዳልጮ ነገሩን ፍትሕ አለው። መጀመሪያ ያገባና ያላገባ ተባለ። ቀጥሎ ጫት የሚቅምና የማይቅም። ቀጥሎ «የአባት ሥራ» መጣ። ዳልጮ እየጠራላት አቢጋኤል ጻፈች፦ ገበሬ፣ ሸማኔ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ሌላ። ከሥሩ ደግሞ አከራዩ የሚነካው ሳጥን፦ «ከሌላ በስተቀር»።

ሌላ ማለት ማን ነው ብላ ጠየቀችው።

«ሌላ ሌላ ነው፣ አቢ። አገሩን አታውቂም እንዴ?»

ታውቃለች። አባቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ደጋው ላይ ማሰሮው ሁሉም ቤት ይገባል፤ ማሰሮውን የሠራው አይገባም። እንግዲያው «ሸክላ ሠሪ» ብለን በስሙ እንጻፈው አለችው። ዳልጮ ደነገጠ።

«ኧረ ነውር ነው! እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል?»

ማድረጉ ምንም አልነበረም፤ መጻፉ ነው ነውር።

ማታውን ለኦይታ ደውላ፣ ቤት እስክታገኝ እንኳ «ነጋዴ» በል ብላ ለመነችው። አባቴ በሕይወት እያለ አባት አልቀይርም አላት።

እትዬ እጅጋየሁ የአቢጋኤል አከራይ ናቸው። ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ከጎጃም ተዛውረው መጥተው እዚሁ አርፈዋል፤ ለእሳቸው ሴቻ ላይ ሰፊ ግቢ ቀርቷል። አንዱ ሰርቪስ ክፍል ባዶ ሆነባቸውና ዳልጮ ቢሮ መጡ። ገና ሳይቀመጡ አቢጋኤልን አመሰገኑ። ልክ እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ ፈልግልኝ አሉት።

ዳልጮ የተመዘገቡትን ተከራዮች ከፈተላቸው። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ይኼ። ኦይታ የሚለው። ላጤ፣ ጫት አይነካ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ። ቢያመኝ ሮጦ የሚደርስልኝ አገኘሁ።»

ዳልጮ መጀመሪያ እንንፋው እንጂ ብሎ ሳጥኑን ነካ። የኦይታ ስም ጠፋ። እትዬ ልጁ የት ሄደ አሉ።

«ሌላ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ እጅጋየሁ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አቢጋኤል ጣታቸውን አየች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «የእናቴም የአባቴም ልጅ።»

እትዬ ቤታቸው ካሉት ኩባያዎች አቢጋኤል የጠጣችባቸውን በሐሳባቸው የሚለዩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እሳቸው ዘር እንደማይቆጥሩ፣ «ሌላ» የማያስገቡት ለሌሎቹ ተከራዮች ብለው እንደሆነ ተናገሩ። ዳልጮ ለማስታረቅ ገባ።

«አቢ፣ አንድ ሳጥን ጨምሪበት በቃ። ‹ሌላ፣ ግን የምናውቀው›። አንቺ እዚያ ትገቢያለሽ።»

ከልቡ ነበር። የከፋውም ይኸው ነበር።

አቢጋኤል ኪቦርዱን ሳበች። «ከሌላ በስተቀር» የሚለውን አጥፍታ «ለሸክላ ሠሪ ልጅ አላከራይም» ብላ ጻፈች። ቃሉ ሳጥኑን በነካ አከራይ ሁሉ ቤት ሥር፣ ከስሙና ከስልኩ ጎን ወጣ። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ዳልጮ ጽሑፉን መመለስ አያውቅበትም። ስልኩ መጮህ ጀመረ። ስማችንን አጠፋችሁት፣ እኛ መቼ እንዲህ አልን፣ አሁኑኑ አንሡልን። ከሳጥኑ ላይ ምልክቱን ማንሣት ግን ያውቅበታል፤ የሁሉንም አነሣ። በማግስቱ አላከራይም የሚል አንድም ቤት አልነበረም። አርባ ምንጭ፣ በድረ ገጹ ላይ፣ ለሁሉም ክፍት ሆነች።

ኦይታ ይህን አይቶ ለአከራዮቹ መደወል ጀመረ። የመጀመሪያዋ ስሙን ጠየቀችው፤ የአባቱን ስም ጠየቀችው፤ ጨንቻ የት ሰፈር አለችው፤ ከዚያ ቤቱ ትናንት ተይዟል አለችው። የሁለተኛውም ትናንት ተይዟል። የሦስተኛውም። ከተማው በሙሉ ትናንት ሞልቷል። ድረ ገጹ ግን አሁንም «ክፍት» ይላል።

ሥራውን ከጨንቻ እየተመላለሰ ጀመረ፤ ጠዋት በጭጋግ ይወርዳል፣ ማታ በጭጋግ ይወጣል።

አቢጋኤል ሲቀላ ጓደኛዋ ጋ ለመጠጋት ዕቃዋን ስታወጣ እትዬ እጅጋየሁ በር ድረስ ሸኟት። እግዜር ይከተልሽ ልጄ አሏት፤ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ሳያወጡ። ክፍሏ በዚያው ሳምንት ድረ ገጹ ላይ ወጣ። ሳጥኑ አልተነካም። ከውሃውና ከመብራቱ ቀጥሎ እትዬ ራሳቸው ያስጻፉት አንድ መስመር አለ፦ «በበረኪና ታጥቧል።»